ማተብ ያሰርኩለት ድስት

ዝናቡ ሲጠና መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ የልጆቹ ስልክ ይዘጋል፤ ስልካቸው ሲዘጋ ደግሞ አያት እንዳላቸው ትዝ ይላቸዋል። ዛሬም ከሰዓት በኋላ ዙሪያዬን ከበቡና «እምዬ፣ የድስቱን ነገር ንገሪን» አሉኝ። ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። እነሱ የሚወዱት ግን ድስቱ ላይ ማተብ ያሰርኩበትን ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ስደርስ በሳቅ ይንከባለላሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚሰማኝ የለም። ዛሬ ትልቋ ደብተር ይዛ መጣችና «እስከ መጨረሻው ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፈው» አለች። እሺ አልኳት። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ስለዚህ ፊደል የተሳሳተ እንደሆነ የሷ ነው፣ ነገር የተሳሳተ እንደሆነ የኔ።

ይህ የሆነው ይቺ ደብተር የያዘችው ልጅ ገና ሳትወለድ ነው። ባለቤቴ፣ የልጆቹ አያት፣ በሕይወት ነበሩ። የምንኖረው እዚሁ ቢቸና፣ እዚሁ ግቢ ነው። ልጃችን ይበልጣል አግብቶ ሚስቱን ብርቱካንን ወደኛ ካመጣት መንፈቅ አልሞላም። ብርቱካንን የመረጥኩለት እኔ ነኝ ብል ውሸት ነው፤ ራሱ ነው ያገኛት። የሞጣ ልጅ መሆኗን ስሰማ ግን የመረጥኳት ያህል ደስ አለኝ። እኔም የሞጣ ልጅ ነኛ። ቢቸና የመጣሁት በበቅሎ ነው፤ ከኋላዬ እናቴ የሰጠችኝ ሁለት የሸክላ ድስቶች በጭድ ተጠቅልለው በአህያ ይከተሉኛል። በሠርጌ ቀን ማን እንደዘፈነ አላስታውስም። መንገዱን ሙሉ ዞር እያልኩ አህያዋን ማየቴን ግን አስታውሳለሁ። ሚዜዎቹ ለናቴ እያለቀስኩ መስሏቸው ያባብሉኛል፤ እኔ የምፈራው አህያዋ እንዳትደናቀፍ ነው።

ሁለት ድስት ለምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። አንዱ የጾም ነው፣ አንዱ የፍስክ። ሸክላ የጠጣውን አይተፋም። አንዴ ቅቤ የጠጣ ድስት ሰባት ጊዜ ቢታጠብም ዓርብ ቀን ሽሮ ሲጣድበት ቅቤ ቅቤ ይላል። ስለዚህ በኛ ቤት ድስትም እንደ ሰው ወገን አለው፤ ወገኑን የሳተ ድስት ጎረቤት ያስወራል።

በነዚህ ሁለት ድስቶች ስንት ልጅ አሳደግሁ። ታዲያ ይበልጣል ለሚስቱ አዝኖ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛ። ብርቱካን አስተማሪ ናት፤ በምሳ ሰዓት ሮጣ መጥታ እሳት ስታነድ ዓይኗ ፍም ሆኖ ነው ወደ ክፍል የምትመለሰው። ምድጃው ጠፍጣፋ ነው፤ የናቴ ድስት ቂጥ ደግሞ እንደ ሕፃን ቂጥ ክብ ነው። ስጥደው ይንከባለላል። ምን ባደርግ ጥሩ ነው፤ ከውጭ ሦስት ትናንሽ ድንጋይ ለቅሜ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጉልቻ ጎለትኩ።

አያታቸው በር ላይ ቆመው አዩኝ።

«አንቺ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰማሽም?»

«አልለዋወጥኩም። ያው ጉልቻ ነው፤ እሳቱ ነው የተለወጠ» አልኳቸው።

ድስቱ ጥቂት ቆየና እንደ ጥይት ጮኾ ተሰነጠቀ። ሽሮው ምድጃው ላይ ፈሰሰ፣ ጭሱ ቤቱን ሞላው፣ መብራቱ ድርግም አለ። የኛ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ጠፋ። ቢቸና ላይ መብራት ያለ ምክንያትም ይጠፋል፤ ያን ቀን ግን ምክንያት ተገኘለት። እስከ ዛሬ ወፍጮ ቤት ስሄድ «የሽሮዋ ሴትዮ መጡ» ይሉኛል። በሳምንቱ ሁለተኛውን ድስት ሰበርኩት። እሱን የሰበርኩት የመጀመሪያው የተሰበረው በድንገት መሆኑን ላስረዳ ብዬ ነው።

ብርቱካን ገሉን ለቀመች። ጠርጋ ከጨረሰች በኋላ «እማማ፣ ሞጣ እንሂድ። እናቴንም እንጠይቃለን፣ ለምድጃው የሚሆን ድስትም እንመርጣለን» አለችኝ።

ሄድን። ሞጣ ስገባ ሁልጊዜ እግሬ ወደ ድስት ተራ ነው የሚወስደኝ። በልጅነቴ ሸክላ ሠሪዎቹ ድስትና ጋኑን በጭድ ላይ ደርድረው ሲቀመጡ እናቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለሳለች። ድስቱን አንስታ በጣቷ ታንኳኳና ጆሮዋን ታስጠጋለች። የተሰነጠቀ ድስት ድምፁ የታፈነ ነው፤ ጤነኛው እንደ ደወል ይጠራል። ከዚያ ውኃ አስሞልታ ታየዋለች፤ ከዚያ ታሸተዋለች። ድስት የምትገዛ ሳይሆን ለልጇ ባል የምትመርጥ ነው የምትመስለው። እኔ ከጎኗ ቆሜ እግሬ ይደክመኛል፤ አሁን ያን ድካም በምን ባገኘሁት።

ብርቱካን የወሰደችኝ ሱቅ ውስጥ ድስቱ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅሏል። ነጋዴው ጨዋ ሙስሊም ነው፤ በርጩማ አቀረበልኝ። እኔ አልቀመጥ አልኩ፤ አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመርኩ። ሁሉም እንደ ደወል ይጠራል። አንድም የታፈነ የለም። ሰው ገብቶ ያየኛል፤ አንዷ ሴትዮ እኔን አይታ እሷም ማንኳኳት ጀመረች። ሱቁ ደብር መሰለ።

«እናቴ፣ ይሄ ኖንስቲክ የሚሉት ነው» አለ ነጋዴው፣ ጥቁር መጥበሻ እያሳየኝ። «እንቁላል ቢጠብሱበት ሳይጣበቅ ተንሸራቶ ይወጣል።»

«ይሄኛው ነጩስ?»

«እሱ ሴራሚክ ነው። ከአፈር የሚሠራ ነው።»

«ሸክላ ነው በለኛ።»

«ሸክላ እንኳ አይደለም። ውስጡ ብረት ነው፤ ላዩ ነው የተቀባው።»

«አፈር የተቀባ ብረት።»

«እንደሱም ይባላል» አለ ነጋዴው። ብርቱካን በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ከዚያ ሕጉን ይነግረኝ ጀመር። በብረት ማንኪያ እንዳይነኩት፤ የእንጨት ይሁን። በአሸዋ እንዳይፈትጉት። ባዶውን እሳት ላይ እንዳይጥዱት። ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳያፈሱበት። እሳቱም መጠነኛ ይሁን።

«ልጄ፣ ይሄ ድስት ነው ወይስ የጫጉላ ሙሽራ?» አልኩት። «እኔ ሳገባ እንዲህ ያለ ክብካቤ አላየሁም።»

«እማማ፣ ካልተጣበቀበት አንድ ይበቃናል እኮ» አለች ብርቱካን። «ቅቤም አይጠጣም። የጾሙንም የፍስኩንም በአንዱ መሥራት ነው።»

ከእግር እስከ ራሷ አየኋት። ነጋዴው ነገሩ ገባውና ጣልቃ ገባ።

«ተይ እህቴ፣ ሁለት ይሁንላቸው። እኛ ስንጾም ድስቱም አብሮን ይጾማል፤ እስኪመሽ አይጣድም። እናንተ ግን ስትጾሙም ትሠራላችሁ፣ ሁለት ያስፈልጋችኋል።»

ሰውየውን ወደድኩት። ነጩን ለጾም፣ ጥቁሩን ለፍስክ አልኩ። ለጾም ነጭ ይገባል። ብርቱካን ደግሞ እያነሳች ትመዝናለች፤ «ቀላሉ ቶሎ ያሳርራል፣ ከበድ ያለውን እንያዝ፤ እጀታውም የማይወዛወዝ ይሁን» ትላለች። ከናቴ ሌላ ድስት እንዲህ አንስታ የምትመዝን ሴት አይቼ አላውቅም ነበር። ይህን ግን ያን ጊዜ አልነገርኳትም። ለምራት ምስጋና ማብዛት አይገባም የሚል ነገር ከየት እንደለመድኩ እንጃ።

ቤት ስንደርስ ብርቱካን ሥራ አላት፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ ከድስቶቹ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። አዲስ ድስት ሳይሟሽ እንዴት ይጣዳል? ሸክላ ሲገዛ ይታጠባል፣ ይፈተጋል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይቀባና እስኪጨስ ይጋላል። ካልተሟሸ አፈር አፈር ይላል። ነጋዴው ራሱ ከአፈር ነው ብሎኛል። ስለዚህ ነጩን ድስት በአሸዋ ፈተግሁት። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ወገቤን ይዤ። ጎመን ዘር ቀባሁት። ባዶውን ጣድኩት። እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁበት። ጢሱ ሲወጣ የናቴ ጓዳ ሸተተኝ፤ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ለካ እየሸተተኝ ያለው የሚቃጠል ሴራሚክ ኖሯል።

ብርቱካን ለምሳ ስትመጣ ድስቱ የጠላ ጋን መስሏል።

«እማማ፣ ምን ነካው?»

«አሟሸሁት።»

«በአሸዋ አይፈተግም ተብለን አልነበር?»

«እሱ ነጋዴ ነው፤ ድስት ይሸጣል እንጂ ወጥ አይሠራ። አሁን ጥቁሩን አምጪው።»

ብርቱካን ጥቁሩን መጥበሻ እንደ ጨቅላ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ጓዳ ሮጠች። ያን ቀን አልመለሰችውም።

ነጩ ጠቁሮ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ፣ በችኮላ ቢምታቱብንስ የሚል ሐሳብ ያዘኝ። የጾሙ ምልክት ያስፈልገዋል። ከራሴ ማተብ ላይ ቆርጬ የነጩን ድስት እጀታ አሰርኩት። አያታቸው መነጽራቸውን አውርደው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ክርስትና ተነሣ በይኛ። ስመ ክርስትናው ማን ተባለ?»

«አንቱ የቤተ ክህነት ሰው ነዎት፤ ያውጡለት።»

«ገብረ ሽሮ» አሉ፤ መነጽራቸውን መልሰው ዳዊታቸውን ቀጠሉ።

ይኸው፣ ልጆቹ ተንከባለሉ። እስኪያባሩ ልጠብቃቸው።

ፍልሰታ ገባ። ጾም ሲገባ የፍስክ ዕቃ ታጥቦ ይቀመጣል። ጥቁሩን መጥበሻ በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ለምድጃው የቀረ ገብረ ሽሮ ብቻ ነው። እኔና አያታቸው ነሐሴ ዐሥራ ስድስት እንቆርባለን፤ ዓመት በዓመት ጎን ለጎን ቆመን ነው። እሳቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጾም ሽረው አያውቁም። «ጾም መግባቱን ለማወቅ የሳቸውን ፊት ማየት ነው» ይላል ሰፈሩ። ያን ዓመት ግን ጉልበቴን አመመኝ፣ ቅዳሴ መቆም አቃተኝ ብለው ቤት ውስጥ ዳዊት እየደገሙ ይውላሉ። ይበልጣል ሥራ ይሄዳል፤ ብርቱካን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ናት። እኔ ጠዋት ወጥቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ስመለስ በገብረ ሽሮ የተሠራ ሽሮ ይጠብቀኛል።

በሰባተኛው ቀን ድስቱን ላጥብ አነሣሁት። ውስጡ፣ በእጀታው በኩል፣ ጥፍር የምታህል ቢጫ ነገር ተጣብቃለች። አሸተትኳት። በጥፍሬ ፈቀፈቅኋት። ወደ ብርሃን ወስጄ አየኋት። እንቁላል ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የነጋዴውን ምክር ሰምቼ ድስቱን ባልፈትገው ኖሮ እንቁላሉ ተንሸራቶ ይወጣ ነበር፤ ማንም ምንም አያውቅም ነበር። ድስቱን የላጥኩት እኔ፣ እንቁላል እንዲጣበቅበት ያደረግሁት እኔ፣ ጥቁሩን ቆልፌ ሰው ሁሉ ወደ ገብረ ሽሮ እንዲሄድ ያደረግሁት እኔ። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ ስድስት ቀን ሙሉ ከዚያ ድስት መብላቴና ልቆርብ ዘጠኝ ቀን መቅረቱ ነው።

ምርመራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የተጠረጠረችው ድመቷ ናት፤ ግን ድመት እንቁላል ብትሰርቅ ጥሬውን ትበላለች እንጂ አትጠብስም። ቀጥሎ ይበልጣል።

«እናቴ፣ እኔ እንቁላል መጥበስ ብችል አላገባም ነበር» አለኝ።

አያታቸውን አልጠየቅሁም። ከሳቸው ይልቅ ድመቷ ትጠረጠራለች።

ብርቱካን የታጠበ ልብስ ይዛ ከውጭ ስትገባ ድስቱን አሳየኋት። ዕቃውን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ አያታቸው ዳዊት ወደሚደግሙበት ወደ ውስጥ ክፍል አየች። የዳዊቱ ድምፅ ዝም ብሎ ነበር።

«እኔ ነኝ እማማ። ረስቼው ነው።»

«ጾሙን ነው የረሳሽው ድስቱን?»

«ሁለቱንም።»

«ማተቡ አልታየሽም?»

የያዘችውን ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። ይሄ አናደደኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔም ያን ቀን ያልሆነ ቃል አወጣሁ። «ጾም የሻረ እጅ ለእኔ እህል አይሠራም» አልኳት። አያታቸው ግድግዳ ይዘው ብቅ አሉ።

«ተያት። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባላል።»

«ምጣዱማ ረከሰ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ብርቱካን ትንሽ ቦርሳ ይዛ «እናቴን ልጠይቅ» ብላ ወደ ሞጣ ሄደች። ይበልጣል ሸኝቷት ተመለሰና ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ። መንፈቅ ያልሞላ ትዳር በአንድ የእንቁላል ፍቅፋቂ ሊፈርስ ነው፤ እኔ ግን ገና ስለ ድስቱ ነው የማስበው። ገብረ ሽሮን ይዤ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ ድስቱን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ራሴ እየረጠብኩ።

ነፍስ አባታችን ነገሩን ከጉልቻው ጀምሬ ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ማተቡን ሲያዩ መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሳል ቢጤ ሳሉ።

«እሺ። የሚቆርበው ድስቱ ነው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«ሳታውቂ በበላሽው አትጠየቂም። ድስቱን እጠቢውና ተዪው። ከልጅቷ ጋር ሳትታረቂ ግን ወደ ሥጋ ወደሙ እንዳትቀርቢ።»

«አባ፣ የሻረችው እሷ፣ የምለምነው እኔ?»

«አዎ።»

«ቢያንስ እኩል ለኩል አይሆንም?»

«አንቺ የጾምሽው ከእንቁላል ብቻ ነው መሰለኝ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ወሬያቸው በዚሁ አለቀ።

አልሄድም ብዬ ሦስት ቀን ከረምኩ። ዓመት በዓመት ጎን ለጎን ስንቆም ኖረን፣ ዘንድሮ እሳቸው ብቻቸውን ሲቆሙ ታየኝ፤ ሰፈሩም «ሴትዮዋስ?» ሲል ታየኝ። እንዲያም ሆኖ እልሄ አልለቀቀኝም። ያንበረከከኝ ሌላ ነገር ነው። ብርቱካን ከሄደች ጀምሮ አያታቸው እህል አልቀምስ አሉ። ከጎረቤት ድስት ተውሼ ሽሮ ብሠራ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ይተዋሉ። ፊታቸው ገረጣ፤ መጽሐፉን ገልጠው ሳያነቡ ይከድኑታል። ለምራታቸው አኩርፈው መሰለኝ። ደግሞም ቀናሁ፤ ለእኔ ሲሉ አንድ ቀን ምሳ ዘለው አያውቁም።

«ምን ላድርግልዎት?» አልኳቸው።

«ልጅቷን አምጫት» አሉኝ።

ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ቀን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገብረ ሽሮ ጭኔ ላይ ነው። ለምን እንደያዝኩት ለራሴም አልገባኝም፤ ቤት ትቼው ልሂድ ብል እጄ አልለቅ አለኝ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየው።

«እማማ፣ ድስቱ ማተብ አለው እንዴ?»

«አለው።»

«ጾመኛ ነው?»

«እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ካንተ ይሻል ነበር» አልኩት። ሚኒባሱ ሞጣ እስኪገባ ሰዉ ስለ ድስቱ ሲያወራ መጣ። አንዷ ሴትዮ «የኔም አማት እንዲህ ናት» አለች ለጎረቤቷ፤ እንዳልሰማሁ ሆኜ ውጭ ውጭውን አየሁ።

የብርቱካን እናት ቤት በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። በኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባ። ዙሪያዬን ባይ ያለው ድንጋይ ሁሉ ወገቤን የሚቆርጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ ጠጠር ነው፣ በጠጠር ይቅርታ አይለመንም። ስለዚህ ገብረ ሽሮን ማጅራቴ ላይ ደፍቼ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ጎንበስ ሲሉ የሚታየው እግር ብቻ ነው። የብርቱካንን እግር ፈልጌ ፊቱ ቆምኩ።

«እኅቴ፣ እኔ ነኝ፤ እሷ እዚህ ናት» አሉ የብርቱካን እናት ከላይ።

ለካ የቆምኩት በእናቷ እግር ፊት ኖሯል። ዞር ስል ብርቱካን ጓዳው በር ላይ ቆማ፣ የምትለቅመው ምስር ከነሰፌዱ ከእጇ ወድቋል።

«እማማ፣ ኧረ በማርያም ያውርዱት። ምን ሆነው ነው?»

«አላወርድም። ይቅር በይኝ።»

«እኔ እኮ ነኝ የበደልኩት።»

«እሱን ተዪው። ክፉ ቃል የተናገርኩ እኔ ነኝ።»

የብርቱካን እናት ድስቱን ከማጅራቴ ላይ አነሡና ከነማተቡ አገላብጠው አዩት። «ይሄን ምን ብለን እንቀበለው? ምስክር ነው ወይስ ተከሳሽ?»

«ሽማግሌ ነው» አልኩ። «ሌላ ሽማግሌ አላገኘሁም።»

ብርቱካን ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው። አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። እናቷ ምስሩን ከመሬት እየለቀሙ «ሽማግሌውን እጠቡልኝ፣ ምስሩን በሱ እንሥራው» አሉ። ከዚያ ድስት በላን፤ አማት፣ ምራትና እናት፣ ሦስታችንም ከአንድ መሶብ። የሞጣ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። እናቴ ከሞተች በኋላ ሞጣ ላይ እንዲህ ጠግቤ የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ብርቱካንን ይዤ ተመለስኩ። አያታቸው ደጅ ወጥተው ጠበቁን። ከሁለት ቀን በኋላ ፊታቸው ትንሽ መለስ አለ፤ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጎን ለጎን ቆመን ቆረብን። ይበልጣል ወንበሩን መልሶ አዞረ።

ያቺ ነሐሴ ካለፈች በኋላ አያታቸው ሁለት ዓመት ኖሩ። ሁለተኛው ዓመት ላይ በሆዳቸው ውስጥ ያለው በሽታ ገሃድ ወጣ፤ ስድስት ወር ተኝተው አረፉ። እኔ ሕመማቸው የዚያው ዓመት ሕመም ነው ብዬ ነበር ያለቀስኩ። ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ የደስታ ጊዜ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፤ ድስቱን ባነሣሁ ቁጥር «ገብረ ሽሮ እንደምን አደረ?» ይሉኝ የነበረበትን ጊዜ። ገብረ ሽሮም ላዩ ተልጦ ተልጦ ዛሬ የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆኗል። ማተቡን ፈትቼለታለሁ፤ ዶሮዎቹ እንዳይበሉት።

ከሳቸው ሞት በኋላ አራተኛው ዓመት ነው። ብርቱካን ትንሹን ልጅ አርግዛ ዐቢይ ጾም ገባ። ደሟ አንሶ ሐኪም «እንቁላል ብዪ» አላት፤ ነፍስ አባታችንም ፈቀዱላት። እሷ ግን እኔ ፊት መብላት አፈረች። እኔው ራሴ ሳጥኑን ከፍቼ፣ ጥቁሩን መጥበሻ አውጥቼ፣ እንቁላል ጠበስኩና አቀረብኩላት። ከሳህኑ ተንሸራቶ ሊወድቅ ደርሶ ነበር፤ ነጋዴው እውነቱን ነው። ብርቱካን አንድ ጉርሻ ጎረሰችና ማልቀስ ጀመረች።

«እማማ፣ ያኔ በፍልሰታ እንቁላሉን የበላሁት እኔ አይደለሁም» አለችኝ። «አባባ ናቸው።»

ሐኪሙ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን የነገራቸው በዚያው ሰኔ ኖሯል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ ጠዋት ጠዋት እንቁላል አዘዘላቸው። ነፍስ አባታችን «መድኃኒት ነው፣ ብላ» ብለው ፈቅደውላቸዋል። እሳቸው ብርቱካንን ብቻ ጠርተው አስማሏት፤ «ካወቀች ከኔ ቀድማ ትታመማለች፤ እኔ እስክወድቅ ድረስ አትንገሪያት» ብለው። ከወደቁም በኋላ መሐላው እሷን አልለቀቃትም። ሞጣ በሄደችባቸው ቀናት የሚጠብስላቸው ስላልነበረ መድኃኒቱንም ትተው ነበር።

«እንዴት ነበር የሚበሉት?» አልኳት። ሌላ የምጠይቀው ነገር አልመጣልኝም።

ሳህኑን ይዘው በር ላይ ቆመው፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን የምመጣበትን መንገድ እያዩ ነበር የሚበሉት።